ወደ እኛ የዞሩ ፊቶች

ከሙዚየሙ የመጣው ሰውዬ ጓንት አጥልቆ ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመውና ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ባለሙያ ሴት ወጥ እንደምታሸት ነው ያሸተተው። ቀና ብሎ የቤቱን ባለቤት ሲያያቸው የሚናገረው ነገር ከብዶት ነበር።

«ሚስስ ሃርግሮቭ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ የእርስዎ ሥዕል አይደለም። ቀለሙ በወጉ እንኳ አልደረቀም።»

ሚስስ ሃርግሮቭ ዓይናቸው ከደከመ ሰንብቷል፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፉም። ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ድምፁ ወደመጣበት ዞሩና፣ «ታዲያ የእኔ የት ሄደ?» አሉ።

ለዚህች አጭር ጥያቄ መልስ እንዲያመጣ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ፖሊስ የላከው መርማሪ ኖላዊ ዘገዬን ነው። ጊዜው ኦክቶበር 2009 ነበር። ኖላዊ በልጅነቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ ሰው ነው። እንግሊዝኛውን ለሰማ ቨርጂኒያ የተወለደ ይመስላል፤ አማርኛውን ለሰማ ደግሞ እናቱ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ከልክለው እንዳሳደጉት ይገባዋል። አንድ ክፉ አመል አለው፣ ሰው ሁሉ ያጠፋ ይመስለዋል። ለሥራው ጠቅሞታል፣ ለትዳሩ ግን አልበጀውም።

ሥዕሉ የስመ ጥር ሠዓሊ ሥራ አልነበረም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የመጠጥ ቤትና የሱቅ ምልክት እየሣለ በፈረስ የሚዞር፣ ስሙ እንኳ ያልተረፈ ሰው ጣውላ ላይ የሠራው ነው። መሬት ሊያስሱ የመጡ ነጮች በጀልባ ወንዝ ዳር ሲደርሱ፣ የአገሩ ነባር ሰዎች፣ ቀይ ሕንዶች የምንላቸው፣ በቆሎና ዓሣ ይዘው ወጥተው ሲቀበሏቸው ያሳያል። ውሻው ከጀልባው ይበልጣል። ዛፎቹ ጎመን ይመስላሉ። ቢሆንም ሰው ቆሞ ሊያየው የሚወደው ዓይነት ሥዕል ነው፤ ሚስስ ሃርግሮቭም ከአያታቸው የወረሱትን ይህን ሥዕል ለሙዚየም ሊሰጡ ቃል ገብተው ነበር።

የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሴት ልጃቸው ኬት፣ ወንድ ልጃቸው ዳግላስ፣ እና ቀን ቀን የምትንከባከባቸው አሰለፈች።

* * *

ኬት በር ላይ ነው የተቀበለችው። ስሙን እንደሰማች ፊቷ በራ።

«ኢትዮጵያዊ ነህ! አመሰግናለሁ!» አለችው በአማርኛ፣ ከዚያም በራሷ ሳቀች። «ከአሰለፈች የተማርኩት ይችን ብቻ ነው። አሰለፈች እህቴ ማለት ናት። እባክህ እሷን እንዳታስጨንቅብኝ። ደሃ ብትሆንም እንዲህ አታደርግም።»

ኖላዊ የአሰለፈችን ስም ገና አላነሳም ነበር። ይሄንን ልብ አለና በልቡ ያዘው፣ ግን የተሳሳተ ትርጉም ሰጥቶ። ኬት ለአሰለፈች እንዲህ አጥብቃ የምትከላከልላት፣ አሰለፈች ያደረገችውን አንድ ነገር ብታውቅ ነው ብሎ አሰበ።

ዳግላስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ሆኖ ተገኘ። አልተቀመጠም፣ ኮቱንም አላወለቀም።

«እናቴ ለሙዚየም ልትሰጠው ስትል ተጣልተናል፣ አልደብቅህም። ከምትሰጪያቸው ባቃጥለው ይሻላል ብያታለሁ።»

ኖላዊ ጆሮውን አቆመ። «ኦሪጅናሉ በቅርብ ወራት ነው የተወሰደው። ከጁን እስከ ኦገስት የት ነበሩ?»

«ኩዌት። ለሠራዊቱ ስንቅ በሚያቀርብ ኩባንያ ውስጥ ነው የምሠራው። ኤፕሪል ላይ ሄጄ የተመለስኩት ሴፕቴምበር ላይ ነው።»

ቢጣራ እውነት ሆኖ ተገኘ። ኖላዊ ትንሽ ከፋው፤ ሰውየው ሌባ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ዳግላስ ግን ሳይጠየቅ አንድ ጠቃሚ ነገር አመጣለት። እሱና ኬት ልጆች ሳሉ በገና ቀን የተነሱት ፎቶ ነበር፣ ከጀርባቸው ያ ሥዕል ተሰቅሎ ጥርት ብሎ ይታያል።

ኖላዊ ፎቶውን ከቅጂው ጎን አስቀምጦ አገጩን ይዞ ቆመ። ውሻው ያው ውሻ ነው። ጀልባው፣ ጎመን መሳይ ዛፎቹ፣ የዓሣው ቅርፊት ሳይቀር ልክ ነው። ፊቶቹ ግን ተለዋውጠዋል። በፎቶው ላይ ነጮቹ ፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ ያያሉ፣ የአገሩ ሰዎች በጎን ናቸው፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። በቅጂው ላይ ነጮቹ በጎን ዞረዋል፣ የአገሩ ሰዎች ደግሞ ትላልቅ ሁለት ሁለት ዓይን አውጥተው ቀጥ ብለው ያያሉ።

የሙዚየሙን ሰውዬ ጠየቀው።

«ሊያታልል የተነሳ ሰው እንዲህ አይሳሳትም» አለ ሰውዬው። «የዓሣ ቅርፊት የቆጠረ ሰው ፊት ይሳሳታል? አልገባኝም።»

* * *

አሰለፈች ኩሽና ውስጥ የሚስስ ሃርግሮቭን ሾርባ እያማሰለች ነበር። ሃምሳን የተሻገረች፣ አጭር፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች ሴት ናት። ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው፣ በአውቶቡስ ትመላለሳለች። ኖላዊ በአማርኛ ሲያናግራት ደስ እንደማለት ብላ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራች።

«እትዬ አሰለፈች፣ ሥዕሉ መለወጡን አላዩም?»

«እኔ ስለ ሥዕል ምን አውቄ ልጄ።»

«ፊት ለፊቱ ተቀምጠው አይደል የሚውሉት?»

«እሳቸውን ነው የማየው፣ ግድግዳ አይደለም።»

«ፍሬሙን ነክተውት ያውቃሉ?»

ማንኪያዋ ቆመ። «አልነካሁም። አቧራ መጥረግ እንኳ የእኔ ሥራ አይደለም።»

«ፍሬም የሚሠራ ሰው ያውቃሉ?»

«ጋሽ ንጉሴን አውቃለሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። የሚስስ ሃርግሮቭን የሠርግ ፎቶ ወስጄ አሠርቼላቸዋለሁ። ኬትም ሥራውን ወዳው ነበር።» ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጣ ቀረብ አለችው። «ልጄ፣ እኔን ጠርጥራችሁ ነው? የልጄ የሰሊና ቪዛ ኢንተርቪው ደርሷል። ሕፃን ሆና ነው ትቻት የመጣሁት፣ አሁን እኔን በቁመት ትበልጠኛለች። በሌብነት ስሜ ከተነሳ ግሪን ካርዴንም ይወስዱታል፣ እሷም እዚያው ቀረች። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አላት። እየተናገረች ሳለ ግን ፊቷን ሳይሆን እጇን ነበር የሚያየው።

* * *

የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ አለቃው ሌተናንት ብሬናን ቢሮው ድረስ ይዞለት መጣ። በፍሬሙ አራት ማዕዘን ላይ የወይራ ዘይት አለ። በዘይቱ ውስጥ የጣት አሻራ አለ። የሌላ የማንም አሻራ አልተገኘም፤ የአሰለፈች ብቻ ነው።

«ጣውላው ወደ ፍሬሙ እንዲንሸራተትላት ቀብታዋለች» አለ ብሬናን። «አልነካሁም ብላህ የለ? ምን ትጠብቃለህ?»

«የቀየረው ሰው አሻራውን ጠርጎ የእሷን ብቻ ይተዋል?»

«ወይም የቀየረችው እሷው ናት።» ብሬናን በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። «የአገርህ ሰው ስለሆነች ነው እንዴ የምታመነታው?»

ኖላዊ ደሙ ፈላ። የሚያናድደው ደግሞ የተገላቢጦሹ እውነት መሆኑ ነበር። የአገሩ ሰው ስለሆነች፣ አደላ እንዳይባል፣ ከሌሎቹ ይልቅ እሷን ነበር አጥብቆ የጠረጠረው። ጣቢያ አስጠራትና ስለ ዘይቱ ጠየቃት። አሰለፈችን ደጋግሞ ሲጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ብነግርህ አብዳለች ትላላችሁ። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ያባርረኛል። ዝም ብል ይሻለኛል።»

ብሬናን እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ክስ ይመሠረትባታል።

* * *

ቅዳሜ ኖላዊ እናቱ ቤት ምሳ ሊበላ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደ። እናቱ ወይዘሮ የምስራች በአማርኛ ወንጌላውያን ጉባኤ የታወቁ ጸሎተኛ ናቸው። ልጃቸው ወደ ጉባኤው መምጣት ከተወ ቆይቷል፣ እሳቸው ግን ለእሱ መጸለይ አልተዉም። ሳህን ሊያስቀምጡ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋቸውን ፎቶዎች ገፋ ሲያደርጉ ዓይናቸው ቅጂው ላይ አረፈ።

«ቆይ፣ እነዚህን ፈረንጆች ማን ነው እንዲህ ክፉ ያደረጋቸው?»

«ክፉ? ምናቸው ነው ክፉ?»

«በጎን ናቸዋ! ባለ አንድ ዓይን። ይሄንን አታውቅም? ወይ ጉድ፣ ምን ታውቃለህ፣ የጉባኤ ኪቦርድ እየሰማህ አድገህ። እኔ እኮ ጌታን ከማግኘቴ በፊት የደብር ጎረቤት ነበርኩ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሙሉ ፊቱ ነው የሚሣለው፣ ሁለት ዓይን ኖሮት። ይሁዳና ሰይጣን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ክፉ ሰው ቀና ብሎ አያይህማ።»

ኖላዊ ፎቶዎቹን መልሶ ወደ ራሱ ሳበ። ይሄንን ሥዕል የሠራው እጅ የሐበሻ እጅ ነው። በዚያ ቤት ደግሞ ያለችው ሐበሻ አንዲት ብቻ ናት። ሊያድናት ፈልጎ ይሁን ሊይዛት እሱም አያውቅም፣ ብቻ ገመዱ በአንገቷ ዙሪያ ሲጠብቅ ታየው።

ሊሄድ ሲነሳ እናቱ እስከ መኪናው ተከትለውት ወጡ። እንደ ልማዳቸው ከቦርሳቸው አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው፣ የተጸለየበትን ዘይት በአውራ ጣታቸው መሪው ላይ ቀቡና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ባረኩት። ኖላዊ የመኪናውን በር ይዞ ጠበቃቸው፤ መከራከሩን ከተወ ቆይቷል።

* * *

አሰለፈች የነገረችው የንጉሴ ፍሬም ቤት ከልብስ ንጽህና ቤትና ከጸጉር ቤት መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ ናት። ንጉሴ ጢማቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሰው ናቸው። ኖላዊ የቅጂውን ፎቶ ሲያሳያቸው ሳይደነግጡ ተቀበሉት።

«የኔ ሥራ ነው። ምነው፣ ተበላሸ?»

ኖላዊ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም ነበር። «የእርስዎ ሥራ መሆኑን አይክዱም?»

«ምን ቆርጦኝ እክዳለሁ? ሴትዮዋ ሥዕሉን ራሱን አመጣችልኝ። ወንድምና እህት ነን፣ እኔ አንዱን እሱ አንዱን እንድንይዝ ቅጂ ሥራልኝ አለች። ሱቄን ዘግቼ ስሠራው ሰነበትኩ።»

«ፊቶቹን ለምን አዞሯቸው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፣ ብሩሽ የያዝኩት ከእሱ ሥር ነው። ልክ እንዳለ ልሠራው ጀምሬ ነበር። እንግዳ ሊቀበል በቆሎ ይዞ የወጣን ሰው በአንድ ዓይን ልሥል ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሴትዮዋ ካልወደደችው አስተካክልላታለሁ ብዬ ነበር። ኋላ ስትወስደው ፊቶቹን አየችና ነው? ፍሬሙ ውስጥ ልክ ይገባል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።»

ኖላዊ አሁን ገባው። ሠዓሊው ማንንም ሊያታልል አልተነሳም፣ ለዚህ ነው ፊቶቹን ሳይደብቅ ያዞራቸው። ያታለለችው ሥዕሉን በቅጡ አይታው የማታውቀው ናት። «ሴትዮዋ አሰለፈች ናት?» አለ።

«አሰለፈችማ የሠርግ ፎቶ ነው ያመጣችው፣ ያ ሌላ ጊዜ ነው። ይቺኛዋ ፈረንጅ ናት እንጂ። ጨዋ ሴት ናት፣ ስትሄድ እንኳ በአማርኛ 'አመሰግናለሁ' አለችኝ።»

* * *

ኖላዊ መኪናው ውስጥ ሆኖ ለብሬናን ደወለ። ብሬናን ሰምቶ ሲጨርስ ሳቀ፣ ግን ደስ ብሎት አልነበረም።

«ፍሬም ሠሪህ የአገርህ ሰው፣ ተጠርጣሪህ የአገርህ ሰው፣ ይተዋወቃሉ። አንተም የአገራቸው ሰው። ጠበቃ ይሄን ሲሰማ ምን የሚል ይመስልሃል? ዘይቱንስ ምን ልታደርገው ነው?»

ስልኩ ተዘጋ። ኖላዊ መኪናውን አስነስቶ ሊያዞር ሲል መዳፉ መሪው ላይ አንሸራተተው። እጁን አንስቶ አየው፣ ያብለጨልጫል። አሸተተው። የወይራ ዘይት ነው።

«አይ እኔ!» አለ ጮክ ብሎ። የጸሎተኛ ልጅ ሆኖ፣ በበሩ፣ በትራሱ፣ በደብተሩ ሳይቀር ዘይት ሲቀባ ያደገ ሰው ሆኖ፣ በአራት ማዕዘን ላይ የተቀባ ዘይት ምን እንደሆነ ሳይገባው መቅረቱ አናደደው። ቀጥ ብሎ ወደ ላንድማርክ ነዳ።

አሰለፈች በሩን ስትከፍት ሊይዛት የመጣ መስሏት ቦርሳዋን አነሳች። ቆሞ እንዳለ ጠየቃት።

«እትዬ አሰለፈች፣ ዘይቱ የጸሎት ዘይት ነው አይደል?»

አንገቷን ደፋች። ከዚያ እንባዋ መጣ፣ ቃሏም ተከትሎት ወጣ።

«ጁላይ ላይ የአብያተ ክርስቲያናት ኮንፈረንስ አትላንታ ነበር። ኬት ራሷ 'ሂጂ፣ ቫኬሽን ውሰጂ፣ እናቴን እኔ እይዛለሁ' ብላኝ፣ በመኪናዋ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። እዚያ የሚኖሩ ዘመዶቼ ጋ ሰንብቼ ስመለስ፣ ያ ሥዕል ላይ ያሉት ሰዎች ዞረው ያዩኛል! ጎናቸውን ሰጥተው የነበሩት ሰዎች፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው! ኧረ በኢየሱስ ስም አልኩ። የጸሎት ቡድኑን ኮል አድርጌ፣ ዘይቴን አውጥቼ አራቱንም ማዕዘን ቀባሁት። ይሄን ለፈረንጅ እንዴት ብዬ ልናገር? የሥዕል ሰዎች ፊታቸውን አዞሩብኝ ብል በሽተኛ ሰው ያስጠብቁኛል?»

* * *

ሰኞ ጠዋት ኖላዊ ብሬናንን ይዞ ወደ ሚስስ ሃርግሮቭ ቤት ሄደ። ኬትና ዳግላስ ከእናታቸው ጋር ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ኬት ብድግ ብላ፣ «ምስኪን አሰለፈችን ልትከሷት ነው? ጠበቃ እኔ አቆምላታለሁ» አለች።

ኖላዊ ቅጂውን ሶፋው ላይ አቆመው። «አንድ ነገር ብቻ ግልጽ እንዲሆንልኝ ነው። ይሄ ሥዕል በልጅነትሽም እዚሁ ነበር፤ እነዚህ በቆሎ የያዙት ሰዎች ድሮም እንዲህ ወደ ሰው ነበር የሚያዩት?»

ኬት ሥዕሉን አየት አደረገችውና ፈገግ አለች። «ሁልጊዜም። ልጅ ሆኜ እፈራቸው ነበር። ዓይናቸው ሲከተለኝ ይሰማኝ ነበር።»

ሚስስ ሃርግሮቭ በወንበራቸው ላይ ተንቀሳቀሱ። «ኬት፣ ምን ማለትሽ ነው?» አሉ። «በልጅነቴ እዚያ ግድግዳ ጥግ ሄጄ ተለጥፌ እቆም ነበር፣ ምናልባት ከዚያ በኩል ቢያዩኝ ብዬ። አንድም ቀን አላዩኝም። እነዚያ ሰዎች ማንንም አያዩም።»

ዳግላስ የገና ቀኑን ፎቶ ከኖላዊ እጅ ወስዶ ለእህቱ አሳያት። ኬት ፎቶውን አየች፣ ሥዕሉን አየች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየችው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

«ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ሠዓሊ ያስታውሱሻል» አላት ኖላዊ። «በአማርኛ አመስግነሻቸዋል።»

ኬት ቁጭ አለች። ቀስ ብላ፣ «የኔ መሆን ነበረበት፣ የሙዚየም አይደለም» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ብሬናን የፍሬሙን ዘይት ጉዳይ ሳያነሳ ወደ እሷ ተራመደ። ዋናው ሥዕል ከሰዓት በኋላ ከቁም ሣጥኗ ጀርባ፣ በአልጋ ልብስ እንደተጠቀለለ ተገኘ።

* * *

ኖላዊ ወሬውን ራሱ ሊያደርስ ላንድማርክ ሄደ። አሰለፈች ሁሉንም ቆማ ሰማችው።

«ስለዚህ ሰሊና ትመጣለች?»

«በዚህ ጉዳይ ስምዎ የትም አይነሳም። የሚያግዳት ነገር የለም።»

ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፣ ጌታን አመሰገነች። ሲወጣላት ጠየቀችው።

«እነዚያ ሰዎችስ? የዞሩት?»

«ማስረጃ ስለሆኑ መጋዘን ገብተዋል።»

«ያሳዝኑኛል» አለች። «አጋንንት ናቸው ብዬ ስገሥጻቸው፣ ለካ በዚያ ቤት ቀና ብለው ያዩኝ እነሱ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ዓይናቸው አይሠራም። ኬት እህቴ ስትለኝ እንኳ ስልኳን እያየች ነው። ኋላማ ለምጃቸው ነበር፣ ጠዋት ስገባ ደህና አደራችሁ እላቸው ነበር።»

ኖላዊ ኮቱን ያዘ፣ ግን አልወጣም።

«አንተ ግን ልጄ» አለች አሰለፈች፣ «ኩሽና ከገባህበት ቀን ጀምሮ በጎሪጥ ነበር የምታየኝ። የገዛ ወገኔ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት ምንጣፉን እያየ።

«ቀና በል» አለችው። «ቀና ብለህ በለኝ።»

ኖላዊ ቀና አለና ሁለቱንም ዓይኖቿን እያየ ይቅርታውን ደገመላት።